ጠባይና የሥራ ውጤት፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን እንደ ምሳሌ

እንደሚታወቀው መሥሪያ ቤቶቻችን ሠራተኛ ሲቀጥሩ በቅድሚያ የሚያዩት የትምህርት ማስረጃ ነው። ጠባይስ? የዘርፉ ምሁራን ሰብዕናን በአምስት ይከፍሉታል፤ ጠንቃቃነት፣ ተግባቢነት፣ ቅንነት፣ የስሜት መረጋጋትና ለአዲስ ነገር ዝግጁ መሆን። ባሪክና ማውንት እ.ኤ.አ. በ1991 በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ ባዩዋቸው የሥራ መስኮች ሁሉ ከውጤት ጋር ተያይዞ የተገኘው ጠንቃቃነት ነው። ተግባቢነት ግን በተለይ ለሻጭና ለሥራ አስኪያጅ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ቢቸና ገጠር እንምጣ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲነሳ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶችን በየቀበሌው ይመድብ ነበር። አለቃ አጠገባቸው የለም። ክትባት የቀረበትን ሕፃን መዝገብ አገላብጣ፣ ዳገት ወጥታ የምትፈልገው ማንም ስላያት አይደለም፤ ጠንቃቃነት ማለት ይኸው ነው። ደግሞም ከሰው ካልተግባባች እናቲቱ በሯን አትከፍትላትም። እኔ እንደሚመስለኝ የሥራዋ ግማሽ የሻጭ ሥራ ነው፤ የምትሸጠው መጸዳጃ ቤት መቆፈርን ቢሆንም!

ታዲያ ዝምድናው ያን ያህል ጠንካራ እንዳይመስለን። በዚያ ጥናት የጠንቃቃነት ቁጥር 0.2 አካባቢ ነው፤ ይህም በሠራተኞች መካከል ካለው የውጤት ልዩነት ከመቶ አምስት ያህሉን ብቻ ቢያስረዳ ነው። ሌላው ከሥልጠናው፣ ከመድኃኒት አቅርቦቱ፣ ከክረምቱ ጭቃ ሊመጣ ይችላል። የአንዷ ቀበሌ ከከተማ ዳር፣ የሌላዋ በሸበል በረንታ በኩል ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ከሆነ የጎበኙትን ቤት ቆጥሮ አንዷን ትጉ ሌላዋን ሰነፍ ማለት መንገዱን ለጠባይ መቁጠር ነው።