ቀለም የነካው እጅ በምን ይታጠባል?

ለማስተማር ልምምድ አምስት ሆነን ወደ ቀየት በወጣን ጊዜ፣ ከማስተማሩ ጎን የተላላጡትን ጥቁር ሰሌዳዎች በዘይት ቀለም ቀባን። ጣጣው የመጣው ሲመሽ ነው። ውሃና ሳሙና ብንሞክር ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። የተረፈውን ቲነር አፈሰስንበት፤ ድራሹን አጠፋው። እሰይ አልን! በማግስቱ እጃችን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ጠመኔው ስንጥቁ ውስጥ ሲገባማ አይነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘይት ቀለም ቅባት ስለሆነ በውሃ አይሟሟም፤ ቲነር፣ ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ግን ያሟሙታል። የሰው ቆዳም የራሱ ቅባት አለው። ቲነር ደግሞ የቀለሙ ነው፣ የቆዳው ነው ብሎ አይለይም፤ ሁለቱንም ጠርጎ ይሄዳል። የደጋ ብርድ ያደረቀው እጅ ላይ ሲሆን ይብሳል። በተሰነጠቀው በኩል ፈሳሹ ወደ ሰውነት ይዘልቃል፤ ትነቱም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ራስ ያዞራል። ቲነር በነካው እጅ ክብሪት መጫር የሚያመጣውን መገመት አያቅትም።

ታዲያ በምን እንታጠብ? ያረፍንበት ቤት እማማ እጃችንን አይተው «ምነው ልጆቼ፣ ዘይት ጠፍቶ ነው?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ጥቂት የምግብ ዘይት እጅን አሽቶ በጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ መታጠብ ይበቃል። ከመቀባት በፊት ጥፍር ሥር ቫዝሊን ማድረግም ሥራውን ያቀለዋል። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ጣሳውን ማንበብ ነው።

«ሳይደርቅ» ያልነው በምክንያት ነው። ደጋችን የሚያበቅለው ተልባ፣ ዘይቱ ከጥንት ጀምሮ የቀለም መሥሪያ ነው። የሚደርቀውም እንደ ውሃ ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው፤ አንዴ ከጠነከረ በቀላሉ አይለቅም። ውህደቱ ሙቀት ስለሚሰጥ፣ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተቆልሎ ቢቀመጥ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ይገባል።

ደግሞ እርሳስ አለ። (የምንጽፍበት አይደለም፣ እሱ ግራፋይት ነው፤ ብረቱን ማለታችን ነው።) ሀገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባ ሰሌዳ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ግን ብናኙ እጅ ላይ ይቀራል፤ በዚያ እጅ እንጀራ ቆርሶ መጉረስ መርዙን መዋጥ ነው። ለሕፃናት ደግሞ የባሰ ነው፣ አእምሯቸውን ይጎዳልና። ስለዚህ ሲፋቅ ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ ባይኖሩ፣ ወለሉም በእርጥብ ጨርቅ ቢወለወል ጥሩ ነው።

ከእኛ ቀጥሎ ወደዚያ ለሚሄዱት ሠልጣኞች ግማሽ ጠርሙስ ዘይት ከቀለሙ ጣሳ አጠገብ ትተናል።