ልጅዎ በቴሌግራም ከማን ጋር ይጻጻፋል?

«ቴሌግራሙን አጥፋልኝ» ይሉኛል ሶዶ ላይ የልጅ ስልክ ይዘው የሚመጡ ወላጆች። ግን ወርክሺቱም የፈተና ማስታወቂያውም የሚመጣው በዚያው ስለሆነ ልጁ ማታውኑ መልሶ ይጭነዋል። ማን ሊጽፍለት እንደሚችል መገደብ ይሻላል።

ዋናው ቀዳዳ ግሩፕ ነው። ሊንኩ ክፍት በሆነ የ8ኛ ክፍል ግሩፕ ማንም ገብቶ፣ የልጅዎን ስም ነክቶ በውስጥ መስመር ሊጽፍለት ይችላል።

በልጅዎ ቴሌግራም ሴቲንግ ገብተው «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»ን ይክፈቱ፦

1. ስልክ ቁጥሩን ማን ያያል? «ኖቦዲ»። በቁጥሩ ማን ያገኘዋል? «ማይ ኮንታክትስ»።
2. ግሩፕ ውስጥ ማን ያስገባዋል? «ማይ ኮንታክትስ»።
3. ፕሮፋይሉ ላይ ዩዘርኔም ካለ ያጥፉት። ቁጥሩ ቢደበቅም በዩዘርኔም ፈልገው ያገኙታል።
4. ኮንታክቱን ከልጅዎ ጋር ተቀምጣችሁ አጽዱ። የማይታወቅ ስም እዚያ ካለ ከላይ ያለው ሁሉ ዋጋ የለውም።

የጎግል ፋሚሊ ሊንክም በሚደግፉ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ወላጅ ከፈቀዳቸው ቁጥሮች ጋር ብቻ እንዲደዋወልና ኤስኤምኤስ እንዲላላክ ያደርጋል። ይህ ገደብ ቴሌግራምን አይነካም፤ አፑ ሲጫን ፈቃድ እንዲጠየቁ ማድረግ ግን ይችላሉ።

ነውር ያለበት መልእክት ከመጣ አያጥፉት። መጀመሪያ ስክሪንሾት ያንሱ፣ ከዚያ ብሎክ አድርገው ለፖሊስ ያመልክቱ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ሕፃንን በመልእክት ለወሲብ ማባበል በጽኑ እስራት ያስቀጣል።

ልጁን ግን አይቆጡት። ከተቆጡት ሁለተኛ አያሳይዎትም።