የእሑዱ አጠባ እውነተኛ ወጪ

በአቃቂ ቃሊቲ እሑድ የአጠባ ቀን ነው። ስድስት ቀን ፋብሪካ፣ መጋዘን ወይም ጋራዥ የሚውል ሰው ቱታውንም የልጆቹን ዩኒፎርምም ለማጠብ ሌላ ቀን የለውም። ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ሳፋው በየግቢው ይደረደራል፣ ገመዱ በየኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ይወጠራል። ይህ ሥራ ሳሙና፣ ውኃ፣ ጉልበትና የጨርቁን ዕድሜ የሚበላ ምርት ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ግን የሚያሰላው የሳሙናውን ዋጋ ብቻ ነው።

የሳሙናው ዋጋ ጎልቶ የሚታየው በምክንያት ነው። እናቶቻችን በእንዶድ ሲያጥቡ የውጭ ምንዛሪ አያሳስባቸውም ነበር። የዛሬው ደረቅ ሳሙናና ኦሞ ግን እዚሁ አገር ቢመረትም፣ የፓልም ዘይት ተዋጽኦውና ኬሚካሉ በአብዛኛው የሚገባው ከውጭ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንዲህ ያለ ለውጥ ውሎ አድሮ ሱቅ መደርደሪያ ላይ መድረሱ አይቀርም።

ሁለተኛው ወጪ ውኃ ነው። የአቃቂ የከርሰ ምድር ውኃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ጋር አዲስ አበባን ያጠጣል፤ ይሁንና የውኃ ፈረቃው የጉድጓዶቹን ጎረቤቶችም ይመለከታል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውኃ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። ቧንቧው ሲደርቅ አንዱ ጀሪካን በ10 ብር ተገዛ እንበል፤ ሜትር ኪዩቡ 500 ብር ወጣበት ማለት ነው። ቧንቧ የሌለው ድሃ ለያንዳንዱ ሊትር ቧንቧ ካለው ጎረቤቱ አብልጦ ይከፍላል። የጉድጓድ ውኃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ከበዛበት ደግሞ ሳሙናው ቶሎ አረፋ አይሰጥም፤ በውኃው የጀመረው ወጪ በሳሙናው ይቀጥላል።

ከሁሉም የሚከብደው ማንም የማይጽፈው ወጪ ነው፤ ጊዜ። መዘፍዘፉ፣ ማሸቱ፣ ማለቅለቁና ማስጣቱ በሳምንት 4 ሰዓት ቢወስድ በዓመት 208 ሰዓት ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የ8 ሰዓት ቀን ሲሰላ 26 የሥራ ቀን ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አንድ ሙሉ ወር መሆኑ ነው። ለተመላላሽ ሠራተኛ የሚከፈል ገንዘብ በመርህ ደረጃ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ይቆጠራል፤ እናት ወይም እህት ያጠበችው ግን ከስሌቱ ውጭ ነው። ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት፣ እንዲህ ያለው ያልተከፈለ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ሸክም መሆኑ ታይቷል።

አራተኛው ወጪ የልብሱ እርጅና ነው። በ1,500 ብር የተገዛ ሸሚዝ 50 ጊዜ ቢለበስ የአንድ ቀን ዋጋው 30 ብር ነው፤ 75 ጊዜ ከተለበሰ ወደ 20 ብር ይወርዳል። ልዩነቱን የሚፈጥረው አያያዝ ነው። አስቀድሞ የተዘፈዘፈ ልብስ ብዙ መታሸት አያሻውም። በረኪና ሲበዛ ክሩን ያሳሳል። ቀለም ያለው ልብስ ተገልብጦ ቢሰጣ ፀሐይ ቶሎ አያደበዝዘውም። ኦሞ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ለማለቅለቅ ሌላ ጀሪካን ያስጨርሳል።

ማጠቢያ ማሽን ጊዜን ያተርፋል፤ ነገር ግን የውኃ ግፊትና የማይቆራረጥ መብራት ይፈልጋል። ውኃ ላይኛው ፎቅ በማይደርስበት ሕንፃ ማሽኑ የተቀመጠ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። የፈረቃው ፕሮግራም አስቀድሞ ይነገር፣ በሰዓቱም ይከበር፤ ያኔ ውኃ ለመጠበቅ ሌሊት የሚቀመጥ ሰው አይኖርም። የኮንዶሚኒየም ማኅበራት የጋራ ሮቶና ፍሳሽ ማስወገጃ ያለው ማጠቢያ ቦታ ያዘጋጁ፤ ወጪው ለብዙ አባወራ ሲካፈል የሚከብድ አይደለም። በየቤቱም ባልና ወንዶች ልጆች ሳፋው ጋ ይቀመጡ። በዓመት ለአጠባ የሚሄደው ያ አንድ ወር ለቤተሰቡ ሁሉ ከተካፈለ፣ ሴቶች የሚያተርፉት ቀን ለትምህርት፣ ለገቢ ወይም ለዕረፍት ይሆናል፤ ይህም የቤተሰቡ እውነተኛ ሀብት ነው።