መነጽርዎን ከመጣልዎ በፊት

መርካቶ ውስጥ ዕቃ አርጅቶ ቶሎ አይጣልም። ምናለሽ ተራ ብቅ ካሉ፣ ያለቀለት በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን ያያሉ። የብረት ፍሬም ያለው የፀሐይ መነጽር ግን ይህ ዕድል ብዙም አይገጥመውም። አንዲት ብሎን ስትወድቅ መሳቢያ ውስጥ ይገባና በምትኩ ከመንገድ ዳር ርካሹ ይገዛል። ጉዳቱ ታዲያ ለኪስ ብቻ አይደለም፤ ለዓይንም ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ጨረር ለዓመታት ሲጠራቀም ለዓይን ሞራ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው። ጨረሩን የማያግድ ጥቁር ሌንስ ብርሃኑን ብቻ ስለሚቀንስ የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ጨረሩም በሰፊው በር ይገባል። ስለዚህ ሌንሱ ጥሩ የሆነ የተሰበረ መነጽር፣ ሌንሱ ከማይታመን አዲስ መነጽር ይበልጣል። “ዩቪ 400” የሚል ጽሑፍ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ መለኪያ መሣሪያ ያለው መነጽር ቤት ሄደው ያስፈትሹ።

ሌንሱ ደህና ከሆነ ጥገናው ያዋጣል።

ብሎን፦ በወር አንድ ጊዜ በትንሽ ካቻቢቴ ያጥብቁ። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም አንድ ጠብታ ብሎኑ አናት ላይ ቢያደርጉ ቶሎ አይላላም። ሱፐር ግሉ ግን አይጠቀሙ፤ ማጠፊያውን ያደርቀዋል፣ ሌንሱንም ያደበዝዛል።

አረንጓዴ ቆሻሻ፦ አፍንጫ ላይ በሚያርፉት ጎማዎች ዙሪያ የሚታየው፣ በብረቱ ውስጥ ያለው መዳብ ከላብ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት። በረኪናና ሎሚ አያስነኩት። ጎማዎቹ ቢጫ ከሆኑ ይቀየሩ።

አቧራ፦ ሌንሱን በደረቁ በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ አይጥረጉ፤ አቧራው ይፍቀዋል። መጀመሪያ በውኃ ያለቅልቁት።

ስብራት፦ ፍሬሙ ከተሰበረ ብየዳ ያስፈልገዋል። ለባለሙያው ሲሰጡ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ሌንሱ ከብየዳው በፊት ይወጣል? ሙቀት የፕላስቲክ ሌንስን ያበላሻልና። ፍሬሙ ቲታኒየም ነው? ከሆነ በተለመደው ብየዳ አይያያዝም። የተበየደው ቦታ መልሶ ይለበጣል? ልባጡ ከተቃጠለ በውስጡ ያለው ኒኬል ቆዳን ሊያሳክክ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የሚያረዝመው ልማድ ነው። መነጽሩን በሁለት እጅ ያውልቁ፤ በአንድ እጅ ሲወልቅ ፍሬሙ ይጣመማል። እንደ ፀጉር ማስያዣ ራስዎ ላይ አይስቀሉት፤ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥም አይተዉት። ለልጆች ሲገዙም ቀድመው የሚያዩት የፍሬሙን ቀለም ሳይሆን ሌንሱን ይሁን።