የጃፓን ግሥ ከአማርኛችን ሩቅ አይደለም

በአትላስ ሰፈር ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ በርካታ ስለ ሆነ፣ በዚያ የሚያገለግሉ ወጣቶች ከየአገሩ የመጣ ሰው ያስተናግዳሉ። ጃፓናዊ እንግዳ በመጣ ጊዜ በገዛ ቋንቋው ሁለት ቃል ቢሰማ ምን ያህል ደስ እንደሚለው መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ጃፓንኛ እጅግ ከባድ ነው እየተባለ ስለሚወራ ብዙዎች አይደፍሩትም። እኛ እንደምናየው አስቸጋሪው ጽሕፈቱ ነው እንጂ፣ የዕለት ንግግሩ ግሥ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም።

ሁለቱ አገሮች መተያየት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በ1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶን አሸነፈ። በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት በአገራችን ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ «ካይዘን» የሚለው ቃል ለብዙ ሠራተኛ የታወቀ ሆኗል።

እንግዲህ ወደ ግሡ እንግባ። በጃፓንኛም እንደ አማርኛ ግሥ የሚቀመጠው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። «ቡናን እጠጣለሁ» ለማለት «ኮሂ ኦ ኖሚማስ» ይባላል። «ኮሂ» ቡና ነው፤ «ኦ» የእኛን «ን» ሥራ ይሠራል፤ «ኖሚማስ» እጠጣለሁ ማለት ነው። ይኸው «ኖሚማስ» ሳይለወጥ ለትጠጣለህ፣ ለትጠጫለሽና ለይጠጣሉም ያገለግላል።

ለጀማሪ አራት መድረሻዎች ይበቁታል። «ኖሚማስ» እጠጣለሁ፣ «ኖሚማሴን» አልጠጣም፣ «ኖሚማሽታ» ጠጣሁ፣ «ኖሚማሴን ዴሽታ» አልጠጣሁም ነው። በመጨረሻው «ካ» ሲጨመርበት ጥያቄ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ «አልጠጣም» ስንል እምቢታው ከግሡ መነሻ ይታወቃል፤ በጃፓንኛ ግን እምቢታው ከጅራቱ ነው። ስለዚህ «ኖሚማ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ የሮጠ አስተናጋጅ፣ ቡና አልጠጣም ላለው እንግዳ ቡና ይዞለት ይመጣል።

ዝምድናው ይልቁንም ጎልቶ የሚታየው «ጠጥቼ» በሚለው ዓይነት ግሥ ነው። ጃፓኖች ይህን «ኖንዴ» ይሉታል። «ኮሂ ኦ ኖንዴ፣ ሺጎቶ ኒ ኢኪማስ» ቢሉ «ቡና ጠጥቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ» ማለታቸው ነው። «ኖንዴ ኩዳሳይ» ደግሞ «እባክዎ ይጠጡ» ይሆናል። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ እኛ ያልለመድነውን መጠጥ «ጠጥቼ ልየው» እንደምንል፣ እነርሱም «ኖንዴ ሚማስ» ይላሉ፤ «ሚማስ» አያለሁ ማለት ነውና።

የአክብሮትም ነገር አለ። «ማስ» ያለበት ግሥ የጨዋ ንግግር ሲሆን፣ ለቅርብ ወዳጅ ግን «ኖሙ» ይበቃል። የእኛ «እርስዎ» የሚነገርለትን ሰው ያከብራል፤ «ማስ» ግን አድማጩን ስለሚያከብር፣ ሰው ስለ ራሱ ሲናገር እንኳ ይጠቀምበታል። ለማያውቁት እንግዳ «ኖሙ» ማለት ሽማግሌን «አንተ» እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ ወጣቶቻችን በቀን አንድ ግሥ ይዘው በአራቱ መድረሻ ቢለማመዱ፣ በጥቂት ወር ውስጥ እንግዳን ለማነጋገር፣ ወደ ጃፓን ለትምህርት የሚሄደውም መንገድ ለመጠየቅ አያፍርም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን?