ዐይን ገዢ፥ እጅ ባለዕዳ

ከአምስቱ ሕዋሳተ ሥጋ መካከል በዛሬው ገበያ እጅግ የከበረው ማየት፥ እጅግ የተናቀው ደግሞ መዳሰስ ነው ብል፥ በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ውስጥ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ሳያመነታ ይመሰክርልኛል ብዬ አስባለሁ። ቀድሞ በክሩስኮቱ ላይ ተደርድረው የነበሩት፥ የሚጫኑትም የሚዞሩትም የሚሳቡትም ቁልፎች አንድ በአንድ ተነቅለው፥ በምትካቸው አንድ ሰፊና ጥቁር መስታወት ቆሟል። ሬዲዮው፥ ማሞቂያው፥ የነፋሱ አቅጣጫ፥ በአንዳንዱ መኪና እንኳ የትንሿ ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን መክፈቻ ሳይቀር ወደዚሁ መስታወት ገብተው ተሰውረዋል። ሻጩ ይህን ሥልጣኔ ይለዋል፤ ገዢውም ተደንቆ ይቀበለዋል፤ አስተያየቷን ማንም ያልጠየቃት እጅ ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ የሁለቱን ውል ዕዳ ስትከፍል ትኖራለች።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ኋላ ተመልሶ ቮልስን ማሰብ ይበቃል። ይህች በጀርመን አገር ተፈጥራ በአዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ለብዙ ዘመን ያገለገለች ትንሽ መኪና፥ በፊተኞቹ ሞዴሎቿ የነዳጅ መለኪያ እንኳ አልነበራትም፤ ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ነጂው ወለሉ አጠገብ ያለችውን መዘውር በእግሩ ገፋ አድርጎ የመጠባበቂያውን ነዳጅ ይለቅቅና ማደያ ፍለጋ ይገሠግሥ ነበር። በኋለኞቹ ሞዴሎች ደግሞ የፊት መስተዋቱን የሚያጥበው ውኃ የሚረጨው በኤሌክትሪክ ሳይሆን ከስኮርታ ጎማው በቀጭን ቱቦ ተስቦ በሚመጣ አየር ነበር፤ መሐንዲሶቹም መስተዋቱን አብዝቶ ያጠበ ሰው ጎማ በፈነዳበት ቀን እንዳያፍር ብለው፥ አየሩ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ የሚዘጋ ቫልቭ አበጅተውለታል። ይህን የማነሣው ያን ዘመን መልሱልን ለማለት አይደለም፤ የቮልስ ማሞቂያ እንደ ነገሩ የሚሠራ፥ ድምፅዋም የማያነጋግር እንደ ነበረ የነዳት ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን በእርሷ ውስጥ የነበሩት ጥቂት ቁልፎች እያንዳንዳቸው አንድ ቦታ፥ አንድ ቅርጽና አንድ ሥራ ነበራቸው፤ ማታም ሆነ ቀን፥ ዛሬም ሆነ ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ ከዚያች ቦታቸው ንቅንቅ አይሉም ነበር።

የእጅ ትምህርት የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። በመጀመሪያው ሰሞን ዐይን ይመራታል፤ ጥቂት ከቈየች በኋላ ግን የድምፁ መጨመሪያ የት እንዳለ፥ የነፋሱ መዘውር ስንት ጊዜ ቀጭ ሲል መካከለኛ እንደሚሆን፥ የማሞቂያው ቁልፍ ከጎረቤቱ በምን ቅርጽ እንደሚለይ ዐውቃ ስለምትጨርስ፥ ዐይንና ልቡና ከመንገዱ ሳይለዩ እርሷ ብቻዋን ሄዳ ጉዳይዋን ፈጽማ ትመለሳለች። በገና ደርዳሪ ዐይኑን ከድኖ በዐሥሩ አውታር ላይ ጣቶቹን ሲያመላልስ አንዱንም የማይስተው፥ አውታሮቹ ትናንት በነበሩበት ቦታ ዛሬም ስለሚገኙ ነው። አውታሮቹ በየሌሊቱ ቦታ ቢለዋወጡ፥ ወይም ከአንዱ አውታር ሥር ሌላ ዐሥር አውታር ቢሸሸግ፥ የቱንም ያህል የተካነ መምህር ዐይኑን ሊገልጥ፥ ዜማውንም ሊያቋርጥ ይገደድ ነበር።

መስታወቱ ይህን ትምህርት አይቀበልም። በላዩ ብርሃንን የማይጋርድ፥ ኤሌክትሪክን ግን የሚያስተላልፍ እጅግ ስስ ሽፋን ተለብጦበታል፤ የሰው ገላ ራሱ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ፥ ጣት ወደ መስታወቱ በቀረበች ጊዜ በዚያ ነጥብ ያለው የኤሌክትሪክ ክምችት በጥቂቱ ይለወጣል፥ ከኋላ ያለውም አስሊ መሣሪያ ለውጡ የደረሰበትን ቦታ ለይቶ እንደ ትእዛዝ ይቈጥረዋል። ጥበቡ በእውነት ይደነቃል። ሆኖም መስታወቱ ጣት መድረሷን ያውቃል እንጂ ለጣት መልስ አይሰጣትም፤ ከዚህኛው ሥዕል ወደዚያኛው ስታልፍ ወሰን አያሳያትም፥ ትእዛዝዋ መፈጸሙንም ዐይን ካልነገራት በቀር አታውቅም። በተራ ጓንት የተሸፈነች ጣት ስትሆን ጭራሹን አያውቃትም፤ ውኃ የነካው እንደ ሆነ ደግሞ ያልታዘዘውን ሊፈጽም ይችላል።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ሲታሰብ ለመኪና አልታሰበም። በ1965 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በሞልቨርን ከተማ በሚገኘው የራዳር ምርምር ተቋም ሆኖ የመጀመሪያውን በጣት የሚታዘዝ መስታወት ሲገልጽ፥ በልቡ የነበሩት ተቀምጠው፥ ዐይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሡ አውሮፕላኖችን የሚቈጣጠሩ ሠራተኞች ነበሩ። ቢዩክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1986 ሪቪዬራ በተባለችው መኪናው ላይ እንዲህ ያለ መስታወት ተከለ፤ ገዢዎቹ አልወደዱትም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተነሣ። ነገሩ ተዘግቶ በቀረ ነበር፤ ነገር ግን በ2007 አፕል ኩባንያ አይፎንን አወጣና ሰው ሁሉ በኪሱ መስታወት መያዝ ጀመረ፤ ቴስላም በ2012 ባለ 17 ኢንች መስታወት በመኪና መካከል ባቆመ ጊዜ የቀሩት ሁሉ ኋላ የመቅረት ፍርሃት ያዛቸው። ስልክ ግን ሰው የሚያየውን ነገር ትቶ የሚያየው ነው፤ መኪና የሚነዳ ሰው ደግሞ የሚያየውን ትቶ ሌላ ሊያይ የማይገባው ነው፤ ይህን ልዩነት ኩባንያዎቹ ዘንግተውታል ለማለት እቸገራለሁ፤ ዐውቀው ያለፉት ይመስለኛል።

ዐውቀው ያለፉበትም ምክንያት አለ። አንድ ተራ ቁልፍ ለመሥራት ቅርጽ ማውጫ፥ ሞላ፥ ሽቦ፥ ማታ የሚያበራው ትንሽ መብራትና የሚገጥመው ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ቁልፉ ምን እንደሚሠራና የት እንደሚቀመጥም መኪናው ከፋብሪካ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት መቈረጥ አለበት። መስታወት ግን አንድ ጊዜ ተገዝቶ ከቆመ ሠላሳውንም አርባውንም ቁልፍ በሥዕል መልክ ይሸከማል፤ ያልተቈረጠውን ነገር ሁሉ ፕሮግራም ጻፊዎቹ በመጨረሻው ሰዓት ይቈርጡታል፤ የተሳሳቱትንም መኪናው ከተሸጠ በኋላ ያርሙታል። በአሜሪካም ከ2018 ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ የኋላውን የሚያሳይ ካሜራ እንዲኖረው ሕግ ስላስገደደ፥ መስታወቱ በግድም ቢሆን መቆሙ ካልቀረ ቁልፎቹን ወደ እርሱ ማስገባት ወጪ ማቃለል ሆነላቸው። ስለዚህ በጥቅሉ ርካሽ የሆነው ነገር በውድ ዋጋ፥ በክብር ስምም ተሸጠልን። በዚህ ደግሞ ፋብሪካውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም፤ በመሸጫው አዳራሽ የቆመች መኪና ቁልፍ የበዛባት እንደ ሆነ አሮጌ፥ መስታወቷ የሰፋ እንደ ሆነ ዘመናዊ ናት ብለን የፈረድነው እኛ ነን። ሐዋርያው ቶማስ ጣቴን ካላገባሁ አላምንም ማለቱን በየዓመቱ በዳግም ትንሣኤ እየሰማን፥ ወደ ገበያ ስንወጣ ግን ሳንዳስስ የምናምን ሆነናል።

የፍርዱን ዋጋ በሜትር የለካው ቪ ቢልኤጋሬ የተባለው የስዊድን መጽሔት ነው። በ2022 ዐሥራ አንድ አዳዲስ መኪናዎችንና አንድ የ2005 ቮልቮ ቪ70 ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ወስዶ፥ ነጂዎቹን በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ጥቂት ተራ ሥራዎችን እንዲፈጽሙ አዘዛቸው፤ መቀመጫውን ማሞቅ፥ ሙቀቱን በሁለት ዲግሪ ከፍ ማድረግ፥ የሬዲዮ ጣቢያ መቀየር፥ የክሩስኮቱን መብራት መቀነስና እነዚህን የመሰሉ። ከየመኪናው ጋር አስቀድመው እንዲለማመዱም ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር። አሮጌው ቮልቮ ሁሉንም በ10 ሴኮንድ፥ ማለት 306 ሜትር ርቀት ውስጥ አስፈጸመ። ኤምጂ ማርቭል አር የተባለው አዲስ መኪና ግን ወደ 45 ሴኮንድ ፈጀ፤ በዚያ ፍጥነት ይህ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ዐይኑን እያነሣና እየጣለ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ይህን ያህል የሄደ ሰው ምን ያህል እግረኛ እንደሚያልፍ አንባቢ ራሱ ያስላው። እዚህ ላይ እኔን የሚያስገርመኝ የአሮጌው መኪና መቅደም አይደለም፤ በአሥራ ሰባት ዓመት የምሕንድስና ድካም መካከል ይህን ሙከራ በራሱ ሜዳ ላይ አድርጎ ያፈረ ኩባንያ አለመገኘቱ ነው።

በባሕርም ላይ የደረሰው የከፋ ነው። በነሐሴ 2017 ጆን ኤስ. ማኬይን የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ በሲንጋፖር አጠገብ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭቶ 10 መርከበኞች ሞቱ። ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ የሥልጠና ጉድለትም ድካምም ተቈጥሯል፤ መርማሪዎቹ ግን መሪውና የሞተሩ ኃይል የሚታዘዙበት የመስታወት አሠራር ለስሕተት የሚያጋልጥ መሆኑን ጨምረው ጻፉ፤ ባሕር ኃይሉም በ2019 በእጅ ወደሚገፋው መዘውር ለመመለስ መወሰኑን አስታወቀ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፥ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ከቻይና የመጡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ሄደዋል። ከእነዚህም አንዱ የጥንቷን ቮልስ የሠራው የዚያው የቮልስዋገን ኩባንያ ልጅ የሆነው አይዲ 4 ነው፤ ታላቁ አይዲ 6 ደግሞ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ሆኖ ሳለ እኛ ዘንድ ደርሷል። በአይዲ 4 የፊተኞቹ ሞዴሎች ላይ ድምፅና ሙቀት የሚታዘዙት ከመስታወቱ ግርጌ ባለች የምትዳሰስ ክር ላይ ነው፤ ይህች ክር ማታ መብራት አልነበራትም፤ ማለትም ዐይን እንዳያያት ጨለማ፥ እጅ እንዳትለያት ልስላሴ ተሰጥቷታል። አራቱ መስኮቶችም በሁለት ቁልፍ ብቻ ስለሚታዘዙ፥ የኋላውን ለመክፈት የፈለገ ሰው አስቀድሞ «የኋላ» የምትለውን ምልክት መዳሰስ አለበት። ከዚህ ሁሉ በላይ ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና መስታወቱ የሚናገረው በቻይና ፊደል ስለሆነ፥ ነጂው የማሞቂያውን ሥዕል ከሌላው የሚለየው በግምትና በጸሎት ነው። ቁልፍ ግን ፊደል አያስፈልገውም ነበር፤ ቀኝ የዞረ ይሞቃል፥ ግራ የዞረ ይበርዳል፤ ይህን ለመረዳት ጀርመንኛ የተማረ የቮልስ ነጂ ሰምቼ አላውቅም። ገዢዎቻችን ደግሞ፥ የቴሌቪዥኑን ሪሞት በላስቲክ ጠቅልለው ዓመታት በሚያኖሩበት ልማድ፥ ከፋብሪካ የመጣውን የመስታወቱን ላስቲክ እንኳ ለመላጥ ሲሳሱ ይታያሉ።

ከመኪና ውጭም ምድጃውና ልብስ ማጠቢያው በዚሁ መንገድ እየሄዱ ነው። የመስታወት ምድጃ ላይ ወጥ ገንፍሎ በፈሰሰ ጊዜ፥ ማጥፊያዋ ራሷ በወጡ ሥር ትሆንና እርጥብ ጣት አልቀበልም ትላለች። ከሁሉ ይልቅ ተበዳዮቹ ግን ዐይነ ስውራን ናቸው፤ ቀድሞ የምድጃውን መዘውር ዳስሰው ልኩን የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ በልስልስ መስታወት ፊት ያለ ረዳት እንዲቆሙ ተፈርዶባቸዋል። ስልክ እንኳ ከ2009 ወዲህ የተጻፈውን ጮኾ ማንበብ ተምሯል፤ አብዛኛው ምድጃ ግን እስከ ዛሬ ድዳ ነው።

መስታወት በቦታው ሲሆን የሚጠላ አይደለም። ካርታን ለማሳየት፥ ከኋላ የቆመ ሕፃን እንዳለ ለማመልከት፥ ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ ለመንገር ከእርሱ የተሻለ አልተገኘም። ነገር ግን መስታወቱ በሞተ ቀን አብሮት የሚሞተው ብዙ ነው፤ ቴስላ በ2021 በአሜሪካ ወደ 135,000 የሚሆኑ መኪናዎችን ለጥገና የጠራው፥ የመስታወቱን ሥራ የሚይዝ ትንሽ የማስታወሻ ቋት በአገልግሎት ብዛት ሲያልቅ የኋላ ካሜራውና የመስተዋት ጉም ማጥፊያው አብረው ስለሚጠፉ ነው።

አሁን ግን ነፋሱ መዞር ጀምሯል። ቮልስዋገን ራሱ በኋለኞቹ ሞዴሎች ያችን ጨለማ ክር ካበራላት በኋላ፥ ለዋና ዋናዎቹ ሥራዎች እውነተኛ ቁልፍ እንደሚመልስ በግልጽ ተናግሯል። የመኪናዎችን ደኅንነት እየመረመረ ኮከብ የሚሰጠው ዩሮ ኤንካፕም ከ2026 ጀምሮ ለፍሬቻ፥ ለአደጋ ማስጠንቀቂያ መብራት፥ ለክላክስ፥ ለዝናብ መጥረጊያና ለአስቸኳይ እርዳታ መጥሪያ በእጅ የሚያዝ ቁልፍ የሌላቸውን መኪናዎች ነጥብ መንሣት ጀምሯል። ይህ ሕግ አይደለም፤ ወደ እኛ የሚመጡትም መኪናዎች ብዙዎቹ ለዚህ ምርመራ የሚቀርቡ አይደሉም። ስለዚህ፥ የተከበሩ አንባቢ፥ ምርመራውን እርስዎ ያድርጉት፤ መኪና ሊገዙ በሄዱ ጊዜ በቆመችበት ገብተው ይቀመጡ፥ ዐይንዎን ይጨፍኑና የዝናብ መጥረጊያውን፥ የጉም ማጥፊያውንና የማስጠንቀቂያ መብራቱን በእጅዎ ይፈልጉ። ሦስቱንም ካገኙ ስለ ዋጋው ይነጋገሩ፤ ካላገኙ ግን ሻጩ ራሱ ዐይኑን ጨፍኖ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት።