ትራንስፎርመር የሚያረጀው በወረቀቱ ነው

ያገለገለ ትራንስፎርመር ለገበያ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚታየው ዘይቱ ነው፡፡ ጠርቷል፣ ወርቅ መስሏል፤ የምርመራ ውጤቱም ዘይቱ ከፍተኛ ቮልቴጅ እንደሚችል ይመሰክራል፡፡ ገዢው ገንዘቡን የሚያፈሰው ግን ለዘይቱ አይደለም፡፡

በታንከሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ የተለበጠው «ክራፍት» በሚባል፣ ከእንጨት በሚሠራ ወረቀት ነው፡፡ ዘይት ሲቆሽሽ ይጣራል፣ ካልሆነም ይቀየራል፡፡ ወረቀቱን ለመቀየር ግን ትራንስፎርመሩን ከፍቶ ጥቅሉን እንደ አዲስ ማሠራት ግድ ይላል፡፡

የወረቀቱ ጥንካሬ የሚመጣው ከረዣዥም የሴሉሎስ ሰንሰለቶች ነው፡፡ አንዱ ሰንሰለት በአዲስነቱ በአማካይ ከ1,000 እስከ 1,200 ቀለበቶች ሲኖሩት ሙቀት፣ እርጥበትና ኦክሲጅን እየበጣጠሱት ይሄዳሉ፡፡ ቁጥሩ ወደ 200 ሲወርድ ወረቀቱ ዕድሜውን እንደጨረሰ ይቆጠራል፡፡ አሳሳቹ ነገር፣ እንዲህ ያረጀ ወረቀትም ካልተነካ ቮልቴጁን መቻሉ ነው፡፡ ጉዱ የሚወጣው በመስመር ላይ «ኮንታክት» ተፈጥሮ ጥቅሉ የተናወጠ ዕለት ነው፤ የደረቀው ወረቀት ይሰነጠቃል፣ ትራንስፎርመሩም ሊቃጠል ይችላል፡፡

የተመረተበት ዓመት ብቻውን ብዙ አይናገርም፡፡ በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መመሪያ መሠረት ለተራው ክራፍት መነሻ የሚሆነው፣ ጥቅሉ ይበልጥ በሚግልበት ቦታ 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፡፡ ከዚያ በላይ በየ6 ዲግሪው የእርጅናው ፍጥነት በእጥፍ ይጨምራል፡፡ በ110 ዲግሪ የተሠራ አንድ ሰዓት እንደ አራት ሰዓት ይታሰባል ማለት ነው፡፡ ስለዚህ 30 ዓመት በቀላል ጭነት የሠራው፣ 10 ዓመት ከአቅሙ በላይ ከተጫነው ይልቅ ወጣት ሊሆን ይችላል፡፡

ታንከሩን ሳይከፍቱ ወረቀቱን ለመገመት የሚረዳው በዘይቱ ውስጥ ያለውን የፉራን መጠን ማስለካት ነው፡፡ ወረቀቱ ሲበሰብስ የሚወጡት እነዚህ ውህዶች ወደ ዘይቱ ይገባሉ፡፡ ከነሱ ዋነኛው ፉርፉራል ነው፡፡ ብዙ በሚሠራበት የቼንዶንግ ቀመር ሲሰላ፣ በሚሊዮን 1.3 እጅ ያህል ፉርፉራል የሰንሰለቱን ርዝመት 400 ገደማ፣ 6.5 እጅ ደግሞ 200 ገደማ ያደርገዋል፡፡ ሙቀት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ወረቀት ግን የሚያወጣው ፉራን አነስተኛ በመሆኑ ይህ ስሌት ለእሱ አይሠራም፡፡

የደላላው «አዲስ ዘይት» አደገኛ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው፡፡ ዘይቱ ሲቀየር ወይም በማጣሪያ አፈር ሲታከም ፉራኑም አብሮ ይወገዳል፤ ያረጀው ወረቀት የወጣት ውጤት ያመጣል፡፡ በወረቀቱ ውስጥ የቀረው ፉራን ወደ አዲሱ ዘይት የሚመለሰው ትራንስፎርመሩ ለወራት ከሠራ በኋላ ነው፡፡ ሻጩ ዘይቱ የተቀየረበትን ቀንና የጭነት መዝገቡን ካላቀረበ፣ ዝቅተኛ የፉራን ቁጥር ዋጋ ማስጨመሪያ ሊሆን አይገባም፡፡